የአዋሽ ዳር ቁርባን

ወሬው የደረሳት ሰኞ ጧት ነው። ፋናዬ ከሆቴሉ ጓሮ ገንዳ ላይ አጎንብሳ አንሶላ ታሻለች። ከድሬዳዋ የወረደ አንድ የባቡር ሠራተኛ አጥሩ ላይ ክንዱን ጣል አደረገና ሽብሩ እንደላከው ነገራት። ሐሙስ በሚወርደው ባቡር ይመጣል፤ ጓዟን አስራ፣ ልጅቷን አሰናድታ ትጠብቀው፤ ቅዳሜ ተያይዘው ወደ ድሬዳዋ ይወጣሉ። መልእክቱ ይኸው ነው። ሰውየው ውሃ ለመነ፣ ጠጣ፣ ሄደ። መልእክተኛ ምን ቸገረው።

ሽብሩ ባሏ ነው። ባሏ ነው እንበል እንጂ ከጅቡቲ ከወጣ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ፍሬን ያዥ ሆኖ ድሬዳዋ ተመደበና መጀመሪያ በየወሩ ይወርድ ነበር። ኋላ በየፋሲካው ሆነ። ኋላም ጭራሽ ቀረ። እዚያ እልፍነሽ ከምትባል ሴት ሁለት ልጅ መውለዱን ፋናዬ የሰማችው ከሰው አፍ ነው። አላለቀሰችም አይባልም፣ አልቅሳለች፤ ግን ልቅሶም እንደማንኛውም ነገር ያልቃል። ካለቀ በኋላ ቀርጢዬ ዱ በሚባለው ሰፈር አንዲት የጣውላ ክፍል ያዘች፣ የፈረንጅ ሆቴል አጣቢ ሆነች፣ ልጇን ውቢትን አሳደገች። ውቢት ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከሶማሌ ልጆች ጋር በሶማሌኛ ትጣላለች፣ ከእናቷ ጋር በአማርኛ ትታረቃለች። ፋናዬ ይህን ኑሮ ወዳው ነበር። ማንም አያዝዛትም፣ ማንም አያስጠብቃትም።

አሁን ከእልፍነሽ ጋር አንድ ግቢ ልትገባ ነው።

እምቢ ብትልስ? አይ ልጆቼ፣ ነገሩ እንዲያ ቢቀል ኖሮ እኔም ይህን ታሪክ አላወራችሁም ነበር። ፋናዬና ሽብሩ የተጋቡት በቁርባን ነው። ቁርባን ማለት ደግሞ ባልና ሚስት በአንድ ላይ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው የሚጋቡት ጋብቻ ነው፤ የሚፈታው ሞት ብቻ ነው። ሰው ያሰረውን ሰው ይፈታል፤ ይህን ግን ማን ይነካዋል?  ሌላም ነገር ነበረባት፤ ስለዚያው ስለ ቁርባኗ ቀን አንድ ኃጢአት ይዛለች፤ ለእናቷ ልጅ እንኳ ያልተናገረችው። እሱ እንዳይነካባት ብላ ስለ ጋብቻዋ ከማንም ጋር ማውራት ትፈራ ነበር።

ከአጠገቧ ያለው ገንዳ የመሪማ ነው። መሪማ ሶማሌ ናት፤ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፣ ቢሆንም የልቧን ታደርስበታለች። ሁለት ባል ፈትታለች። ቃዲው ዘንድ ሄዳ፣ ተናግራ፣ ወረቀቷን ይዛ፣ ለምሳ ቤቷ እንደገባች ደጋግማ ትተርካለች።

"አባዮ" አለቻት፣ እህቴ ማለቷ ነው በሶማሌኛ፤ "ምን ሆንሽ? አንሶላው ሞተ፤ ተይው፤ ከዚህ በላይ አይነጣም።"

ፋናዬ ነገረቻት። መሪማ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ነገር የሚያውቅ ሰው መፈለግ እንጂ ገንዳ ላይ ማፍጠጥ ምንም እንደማይረዳ በሦስት ቋንቋ አስረዳቻት።

በዚያው ቀን፣ ከተማው ከቀትር እንቅልፍ ሲነሣ፣ ፋናዬ ከአደባባዩ ጥግ ወዳለው ወደ ፈረንጁ ጠበቃ ቤት ሄደች። ፈረንጁ ነጭ በነጭ ለብሶ ከማራገቢያ ሥር ተቀምጧል። አስተርጓሚው ዓብዱሰመድ የሚባል ሐረር ያደገ የመናዊ ነው፤ አማርኛው ጥሩ ነው፣ ትዕግሥቱ ትንሽ ነው።

"ሙሴ የሚጠይቅሽ፣ በየትኛዋ ሜሪ ነው የተጋባሽው ነው" አላት፤ ሙሴ የሚለው ፈረንጁን ነው።

ፋናዬ አሰበች። "ሜሪ የምትባል ሴት አላውቅም" አለች። "ያጋባችን አክስቴ ናት፤ ስሟም አበዛሽ ነው።"

ዓብዱሰመድ ይህን ተረጎመው አልተረጎመው አላወቀችም፤ ፈረንጁ ግን ሳቀ። ሜሪ ማለት የከተማው መዝገብ ቤት ኖሯል። እዚያ ያልተጻፈ ጋብቻ ለፈረንጅ ፍርድ ቤት እንደሌለ ይቆጠራል፤ የሌለ ነገር ደግሞ አይፈታም። እስላም ከሆነች ቃዲው አለ፤ ካልሆነችም ያገሯ ቆንስል አለ። እዚያ ትሂድ።

ማክሰኞ ጧት ቆንስሉ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ጸሐፊው ጨዋ ልጅ ነው፤ ቁጭ በይ አላት፣ ስሟን ጻፈ፣ ያባቷን ስም ጻፈ፣ ብዕሩን ቀለም ነከረና "በሰማንያ ነው በቁርባን?" አላት።

"በቁርባን" አለች።

ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም አዘነላት። ቁርባን የሚያፈርስ ማኅተም የእርሱ መሥሪያ ቤት እንደሌለው፣ ሄዳ ከባሏ ጋር ብትኖር እንደሚሻል መከራት። በአፏ የተናገረችውን ይዞ ነው የመከራት፤ አይፈረድበትም።

ማታ ወደ ቤቷ ስትገባ ውቢትን የሳጥኑን ክዳን ከፍታ ቀሚሶቿን እያጣጠፈች አገኘቻት። ከጎረቤት ሰምታለች። "ድሬዳዋ ባሕር አለ?" ብላ ጠየቀቻት። የለም አለቻት። ልጅቷ ማጣጠፏን ተወችና ቁጭ አለች። ፋናዬን ከፈረንጁም ከጸሐፊውም ቃል ይልቅ ይህ አስጨነቃት።

ረቡዕ በማለዳ መሪማ "ተነሺ፣ ሰው አግኝቻለሁ" ብላ መጣች። አማራ ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ጠበቃ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። እየጎተተች ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር በኩል በባሕሩ ዳር ወሰደቻት። ገና ከጧቱ ኸምሲኑ ተነሥቷል፤ ያ የሚፋጀው ነፋስ አሸዋውን እያነሣ ፊት ላይ ይረጨዋል። ከአንድ የጨው መጋዘን ደጅ ሲደርሱ ካፖርት የለበሱ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። በዚያ ሙቀት ካፖርት።

ፋናዬ እጅ ነሣች። ስለ ባሏ፣ ስለ ድሬዳዋ፣ ስለ ሐሙሱ ባቡር አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ሽማግሌው አምባው ይባላሉ። አንገታቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

"እጅግ የሚያሳዝን ነው ልጄ" አሉ በመጨረሻ። "ግን ይህን ሁሉ ለእኔ መንገርሽ ስለምንድን ነው?"

"ጠበቃ ነዎት ተብዬ ነው፣ አባቴ።"

"እኔ?" ወደ መሪማ ዞሩ። መሪማ በኩራት ወደ መጋዘኑ በር፣ ወደ ቁልፉ፣ ወደ ዱላው አመለከተች። "ጠበቃ!" አለች።

አምባው ሳቁ፤ ካፖርቱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ጠባቂ ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፣ የኔ ልጅ። የምጠብቀውም ጨው ነው። ጨው ደግሞ ባል የለው፣ ሚስት የለው፣ ተሟግቶኝም አያውቅ።" ፋናዬ ሳቋም ለቅሶዋም አንድ ላይ መጣባት። መሪማ ምን አጠፋሁ ብላ ታያለች። የሁለት ፊደል ነገር ናት እንግዲህ፤ አማራውም ቢሆን ሲቸኩል ይሳሳታል።

ይሁንና ስሕተት አንዳንዴ ከትክክሉ የበለጠ መንገድ ታውቃለች። አምባው ሳቃቸውን ሲጨርሱ ተነሡ፣ በሩን ገፋ አድርገው መቆለፉን አዩ፣ "እውነተኛውን ጠበቃ አውቃለሁ። እኔ ነኝ ማታ ማታ የማጫውተው" ብለው በዱላቸው ወደ ጉምሩኩ አቅጣጫ አሳዩአት።

እውነተኛው ጠበቃ አቶ ተክለወልድ ናቸው። በሐረር ሃያ ዓመት ነገረ ፈጅ ሆነው ኖረዋል፤ ሲያረጁ ሳል ጠናባቸውና ቆላው ይሻላል ተብለው ጅቡቲ ወረዱ። ከአንድ የህንድ ባንያን መደብር በረንዳ ላይ፣ የሻይ ሳጥን ገልብጠው፣ በላዩ ቀለምና ወረቀት አኑረው ለባቡር ሠራተኛው አቤቱታ ይጽፋሉ። አንድ ዓይናቸው ሞራ ጋርዶታል፤ በሌላው ግን ሰውን እስከ ጀርባው ያዩታል። ከሳጥኑ ላይ ከወረቀቱ ሌላ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የተምር ፍሬ አለ። ለምን እንደሆነ ኋላ ታዩታላችሁ።

ፋናዬ በሁለቱ ቀን ልምዷ ተምራ ነበርና ከመጀመሪያው ቁርጡን ተናገረች። "ጌታዬ፣ ባሌ ሊወስደኝ ነው። መሄድ አልፈልግም። ግን በቁርባን ነው የተጋባነው።" ብላ ለመነሣት ቀሚሷን ሰበሰበች፤ መልሱን አውቃዋለችና።

አቶ ተክለወልድ አልተነሡም፣ አላዘኑም። "ማን አለ?" አሏት።

"ምን ማን አለ ጌታዬ፣ እኔ ነኛ። ሽብሩም ይለዋል።"

"እናንተማ ባለጉዳይ ናችሁ፤ ምስክር አይደላችሁም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከሥሩ አጫውችኝ፤ ሰርግሽ የት ነበር?"

ከቆርቆሮው የተምር ፍሬ ዘገኑና በሳጥኑ ላይ በጠመኔ ሦስት ክብ አሠመሩ። ይህ ቁርባን ነው አሉ፣ ይህ ሰማንያ ነው፣ ይህ ደሞዝ ነው። ቁርባን የቤተ ክርስቲያን ነው። ሰማንያ በሽማግሌና በዋስ ፊት፣ ንጉሥ ይሙት ተብሎ የሚታሰር ነው። ደሞዝ ደግሞ ሴቲቱ በስምምነት ለጊዜ የምትቀመጥበት ነው። አንቺ ተናገሪ፤ ፍሬው የወደቀበት ያ ነው የአንቺ ጋብቻ።

ፋናዬ መተረክ ጀመረች። የአዋሽ ድልድይ ሲሠራ አክስቷ አበዛሽ ለሠራተኛው ጠላና ዳቦ ትሸጥ ነበር፤ እሷም አሥራ ስድስት ዓመቷ ሆኖ አብራት ነበረች። ሽብሩ ሐዲድ ተሸካሚ ነበር፤ ትከሻው ቆስሎ አክስቷ ዘንድ ቅቤ ሊቀባ መጣና በዚያው ለመደ። ሰርጉ ከድንኳኑ ደጅ ሆነ። የሠራተኛው አለቃ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። ሽብሩ ንጉሥ ይሙት ብሎ ማለ፣ ሁለት ሰዎች ዋስ ሆኑለት።

አቶ ተክለወልድ አንድ ፍሬ፣ ሁለት ፍሬ፣ ሦስት ፍሬ በሰማንያው ክብ ጣሉ። "ቁርባኑስ?"

በዚያ ቀን አንድ መነኩሴ በእግራቸው መጡ፤ በጅቡቲ አልፈው ኢየሩሳሌም የሚሄዱ። ሰርግ መሆኑን ሰምተው ባረኳቸው፤ ከአገልግላቸው በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ለሁለቱ አቀመሷቸው፤ ከቅላቸውም ውሃ አጠጧቸው። ሕዝቡ እልል አለ። ቆረቡ፣ ቆረቡ፣ ታደሉ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የቁርባን ባልና ሚስት ይላቸዋል።

"መነኩሴው ስንት ነበሩ?"

"አንድ።"

"ሌላ ቄስ? ዲያቆን?"

"የለም፤ ብቻቸውን ነበሩ።"

"ታቦቱ ከወዴት መጣ?"

 ስለ ታቦት በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አስባ አታውቅም። የአሸዋ ሜዳ፣ የሐዲድ ክምር፣ ድንኳን፣ በቅሎ፤ ይህ ሁሉ በዓይኗ መጣ። ታቦት አልነበረም።

"ቤተ ክርስቲያንስ በቅርብ ነበረ?"

"እስከ ሁለት ቀን መንገድ አልነበረም ጌታዬ።"

"እንግዲህ ይህችን የመጨረሻዋን መልሽልኝ" አሉ አቶ ተክለወልድ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "በዚያ ጧት ምን በልተሽ ነበር?"

ይኸውላችሁ ልጆቼ፣ ያ ኃጢአት።  በረንዳው ላይ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ የሚያያት መሰላት። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ሽማግሌው አልቸኮሉም፤ አንዷን የተምር ፍሬ በጣታቸው እያሽከረከሩ ጠበቁ።

"ቆሎ" አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። "ጠላም ቀምሻለሁ። አክስቴ መድረሱን እዪልኝ ብላኝ። ከዚያ ሰዎቹ ቆረቡ ሲሉ… በልቼ ቆረብኩ ጌታዬ። በልቼ ሥጋ ወደሙ ተቀበልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።"

"ለነፍስ አባትሽስ?"

"ይህን እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ የነፍስ አባት አልያዝኩም።"

"አሥራ ሁለት ዓመት?"

"አሥራ ሁለት ዓመት።"

አቶ ተክለወልድ ፍሬዋን ቀስ ብለው በሰማንያው ክብ አኖሯት። የቁርባኑ ክብ ባዶ ነው፤ ጠመኔው ብቻ። ከዚያ ደኅነኛውን ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፤ አቧራ ነው እንዳልል ነፋሱ በዚያች ሰዓት ቆሞ ነበር።

"ልጄ፣ ስሚኝ" አሉ። "ታቦት በሌለበት ቅዳሴ የለም። አንድ መነኩሴ ብቻውን አይቀድስም፤ ቄስ ከነዲያቆኑ አምስት ይፈልጋል። ቅዳሴ ከሌለ ቁርባን የለም። አንቺ የቀመስሽው መክፈልት ነው፤ ከገዳም የተባረከ ዳቦ። መነኩሴ ለመንገድ ይይዘዋል፤ ላገኘው ሁሉ ያቀምሰዋል። መክፈልት የበላም ይቀምሰዋል፣ የጠጣም ይቀምሰዋል፣ ጥርስ ያላወጣ ሕፃንም ይቀምሰዋል። ውሃውም ጠበል ነው። እሳቸው አልዋሹሽም፤ ቆረቡ ያለው እልል ባዩ ነው።"

ፋናዬ ተቀምጣ ቀረች። ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ነገር ቀስ እያለ ሲወርድ ይታወቃታል። ደስታ እንኳ አላለችውም፤ ድካም ነው የመሰላት፣ ብዙ ተሸክሞ ያወረደ ሰው ድካም። ግን ወዲያው ሌላ ነገር ወጋት።

"ታዲያ ያላገባሁ ነኝ? ውቢት… ልጄ ዲቃላ ናት?"

"ማን እንዲህ አለሽ?" አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮስተር ብለው፤ ፍሬው ሁሉ ያረፈበትን የሰማንያውን ክብ በጣታቸው መቱት። "ንጉሥ ይሙት ተብሏል፣ ዋስ ተጠርቷል፣ ዳኛ ተቀምጧል። ልጅሽ የሰማንያ ልጅ ናት፤ ቀና ብላ ትሂድ። አንቺም የሰማንያ ሚስት ነሽ። ሰማንያ ደግሞ ይፈታል።"

ከዚያ ወዲያ ፋናዬ ጥያቄዋን ማቆም አቃታት። የዓመታት ነው። ሴት ልጅ ራሷ ፍቱኝ ማለት ትችላለች ወይ? ትችላለች፤ ሽማግሌ አስቀምጣ ምክንያቷን ትናገራለች። እሱ እምቢ ቢልስ? ሽማግሌ መጀመሪያ እርቅ ይሞክራል፤ እርቅ እምቢ ካለ ግን ገመዱን ይዞ ብቻውን የሚጎትት የለም። ቤት ሠርተው ያፈሩት? እኩል ነው፤ እያንዳንዱ ይዞ የመጣው ለየራሱ። ልጅቷስ? ከእናቷ እቅፍ ማንም ነጥቆ አይወስዳትም፤ አባቷ ግን አባቷ ነው፣ ሲመጣ ያያታል፣ ይህን አትከልክይው። የምትናገረውን ሁሉ ተረጋግተሽ ተናገሪ፤ ስድብ አታምጪ፤ በሽምግልና ፊት የሰደበ ግማሹን ተረትቷል።

"ከተፈታሁ በኋላ ደግሞ ማግባት…"

"ማን መጥቶ ነው?"

"ማንም ጌታዬ። ለማወቅ ያህል ነው።"

"ለማወቅ ያህል ይቻላል" አሉ ሽማግሌው፣ ፊታቸውን ሳያላሉ። ስለ ድካማቸው ምን ላድርግ ብትላቸው የለበሱትን ጋቢ አሳዩአት። ድሮ ነጭ ነበር ይባል ይሆናል። በማግሥቱ አጥባ አመጣችላቸው።

ሐሙስ ባቡሩ ወረደ። ፋናዬ ጣቢያው ድረስ ውቢትን ይዛ ሄደች፤ መንገድ ሙሉ የምትለውን ስታጠና ነበር። ሽብሩ ከፉርጎው ሲወርድ ግን ያጠናችው ጠፋት። ያ የቆሰለ ትከሻ ያለው ጎረምሳ የት አለ? ከስቷል፣ ወባ ፊቱን አመድ አድርጎታል፤ ኮቱ የሌላ ሰው መስሎ ይንጠለጠልበታል። ውቢትን ሳማትና አፍሮ መሬት መሬት አየ። ጓዟን አለማሰሯን ስትነግረው፣ ነገ ከሰው ፊት እንነጋገር ስትለው፣ አልተቆጣም። እሺ ብቻ አለ፤ የባቡር ጓደኛው ዘንድ ሄዶ አደረ።

አርብ ከቀትር በፊት በዚያው በረንዳ ተሰበሰቡ። በፋናዬ ወገን ያለ አምባው ማን አለ? ካፖርታቸውን ለብሰው መጡ። በሽብሩ ወገን ክፍሌ የሚባል የባቡር መካኒክ ተቀመጠ፤ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። ፋናዬ እንደተመከረችው ተረጋግታ ተናገረች። አራት ዓመት መቀመጧን፣ ሌላ ትዳር መያዙን፣ መሄድ አለመፈለጓን። አንድም ስድብ አልወጣትም። ቀጥሎ ሽብሩ ተጠየቀ።

"እኔ ክፋት ፈልጌ አይደለም" አለ። ቆቡን በእጁ ያዞራል። "ባለፈው ዓመት ወባ ጥሎኝ ልሞት ደረስኩ። ቄስ ጠሩልኝ፤ እሳቸውም ነፍስ አባቴ ሆኑ። በቁርባን ያገባሃትን ሚስት ትተህ ሌላ ቤት ሠርተሃል፤ እሷን ሳትመልስ ንስሐ አልሰጥህም፣ ብትሞት ሜዳ ነው የምትቀበረው አሉኝ። እልፍነሽም ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር አንድ መሶብ መቅረብ ፈራች፤ ልጆቿ ይቀሰፉብኛል ትላለች። ምን ላድርግ? ፋናዬን ባመጣት እግዜር ይታረቀኛል ብዬ ነው።"

 ፋናዬ አራት ዓመት በልቧ የሳለችው ሰው ሌላ ነበር፤ እየሳቀ የሚኖር፣ የረሳት። ይህ ግን እንደ እሷው ሲፈራ የኖረ ሰው ነው፤ በዚያው በአንድ ነገር።

አቶ ተክለወልድ ሦስቱን ክብ አሠመሩና ያንኑ ጥያቄ አንድ በአንድ ጠየቁት። ሽብሩ እየመለሰ ሄደ። ታቦቱ ጋ ሲደርሱ ቆቡን ማዞሩን አቆመ። ነገሩ ሲገባው ታየ፤ ከግንባሩ ጀምሮ ወደ ታች ገባው። የመጨረሻዋ ጥያቄ ሳትመጣ ራሱ ተናገረ።

"እኔ እኮ በዚያ ጧት ሦስት ዋንጫ ጠላ ጠጥቼ ነበር" አለ። "ይህንንም ለቄሱ ደብቄያቸዋለሁ።"

"ሦስት?" አለች ፋናዬ፣ ሳታስበው።

"ያክስትሽ ጠላ ነዋ።"

"ሴትየዋማ ጥሩ ጠማቂ ኖረዋል" አሉ አምባው፤ ክፍሌ ሳቁን ሊውጥ ሲል ታነቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ሽብሩ ሳቀ፣ ፋናዬም ሳቀች፤ መሳቁ ሳያልቅ ሽብሩ ከበርጩማው ወርዶ መሬት ተቀመጠና ፊቱን በቆቡ ሸፈነ። ማንም አላናገረውም። እንደዚያ ያለውን ልቅሶ ሰው ሲያለቅሰው ዝም ብሎ መጠበቅ ነው የሚሻለው።

እርቁ እንደ ደንቡ ተሞከረ። ክፍሌ ተመልሳችሁ አብራችሁ ብትኖሩስ አለ፤ ሁለቱም ባንድ አፍ አይሆንም አሉ፤ ክፍሌም ደንቡ ነው ብዬ ነው እንጂ እኔም አልመሰለኝም አለ። ሰማንያው ተፈታ። ውቢት ከእናቷ ጋር ትቀመጣለች፤ አባቷ በወረደ ቁጥር ያያታል። አልጋው የፋናዬ ነው፣ አንዱ ሳጥን የሽብሩ ነው። ሽብሩ ሳጥኑንም ለልጄ ይሁን አለ። አቶ ተክለወልድ ሁሉን በሁለት ወረቀት ጻፉት፤ መክፈልት እንጂ ቁርባን እንዳልነበረም ለነፍስ አባቱ የሚያሳየው አንድ መሥመር ጨመሩለት። ሽብሩ ያቺን መሥመር ደጋግማችሁ አንብቡልኝ እያለ ሦስት ጊዜ አስነበበ።

ለማኅተሙ ቆንስሉ ጽሕፈት ቤት አብረው ሄዱ። ያ ጨዋ ጸሐፊ ወረቀቱን አይቶ ፋናዬን አያት።

"ቁርባን ነው አላልሽኝም ነበር?"

"ብዬዎት ነበር።"

"እና ማን አሳሳተሽ?"

"እልልታ" አለችው። እሱም ማኅተሙን አንሥቶ መታው።

ቅዳሜ ጧት ሽብሩ ወጣ። ወረቀቱን በደረት ኪሱ አድርጎ፣ በላዩ ቁልፉን ቆልፎ፣ በመስኮቱ ለውቢት እጁን አወዛወዘ። ልጅቷ ባቡሩ እስኪሰወር ቆመችና አባባ ተቆጥቶ ነው ወይ የሄደ ብላ ጠየቀች። "የለም" አለቻት እናቷ። "ቀሎት ነው የሄደው።"

ፋናዬ ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄደች። የሳምንት አንሶላ ተከምሯል። እስከ ቀትር አጠበች፣ አሰጣች፤ ነፋሱ ረግቦ ከባሕሩ በኩል ቀዝቀዝ ያለ ነገር ይመጣል። የቀትር እረፍት ሲሆን ከተሰጡት አንሶላዎች ሥር፣ በጥላው፣ ለአፍታ ጋደም ልበል አለች። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላወቀችም። ሆቴሉ ነቃ፣ ባለቤቲቱ ማዳም ሁለት ጊዜ ተጣራች፣ ገንዳው ሞላ። መሪማ የሁለቱንም ድርሻ እያሸች፣ አሞራ የሚያባርር ሰው መስላ የሆቴሉን ድመት በእጇ እሽ እያለች፣ ፋናዬን እንዳይቀሰቅሷት ጠበቀቻት። ፀሐይ ወደ ባሕሩ እስክታዘነብል እንደዚያው ተኛች።